እውነቱን ንገሩኝ ያልሁበት ኅዳር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ጠዋት 3 ሰዓት

ፎቶ ኮፒው እንደገና ወረቀት ዋጠ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። ስጎትተው ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። ጣቶቼ ሁሉ ቀለም። ከዋናው መ/ቤት የመጣው መጠይቅ አርባ ጥያቄ አለው፤ ርእሱ «የሠራተኞችን የሥራ እርካታ የሚወስኑ ጉዳዮች» ይላል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አምስት ሳጥን፣ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጭራሽ አልስማማም»። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዳኛው በየዐሥር ደቂቃው ብቅ እያሉ አለቀ ወይ ይላሉ። አላለቀም።

ደብረ ታቦር የደን ልማት ቅርንጫፍ ቢሮ ያለነው ዘጠኝ ነን። የእኛ በአንድ ቀን ይሞላል። አስቸጋሪው ጉና ላይ ያለው ችግኝ ጣቢያ ነው። እዚያ የሚሠሩት ዐሥራ አራት ሴቶች ናቸው፤ ከነሱ ማንበብ የምትችል ብርቄ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ናት። አንቺ ሂጂና እያነበብሽ ሙዪላቸው ተባልሁ። የሰው ኃይል ሠራተኛ ነኝና።

ደብተሬ፣ ለማንም የማልናገረውን ላንተ ልጻፍ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእነዚህን ሴቶች ስም ስጽፍ ኖሬያለሁ። መቅረት፣ መገኘት፣ ኮንትራት ማደስ። ፊታቸውን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው።

የራሴን ፎርም ሞላሁ። ጥ. 1፣ «ሥራዬ እርካታ ይሰጠኛል።» እስክሪብቶው ቆመ። መካከለኛውን ሳጥን አጠቆርሁ፣ «ለመወሰን እቸገራለሁ» የሚለውን። ከዚያ እስከ አርባ ድረስ መካከለኛውን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ማታ 1 ሰዓት

እግሬን ማንሣት አልችልም። ሾፌሩ ጋሽ ሙላት መንገዱ ያለቀበት ላይ አወረደኝ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ዳገት። ገብስ እየታጨደ ነው። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ጫፉ ላይ ስደርስ ትንፋሼ አጥሮ ሰላም ማለት እንኳ አቃተኝ፤ ሴቶቹ ሳቁብኝ፣ ቆሎ ሰጡኝ፣ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈው አስቀመጡኝ።

ቦታው ያምራል። ይህን አልጠበቅሁም። መደብ በመደብ ተሰልፎ፣ ጥድ፣ ኮሶ፣ ወይራ፣ እያንዳንዱ ችግኝ በጥቁር ላስቲኩ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ። አንድ አረም የለም።

ጥ. 1ን አነበብሁ። «ሥራዬ እርካታ ይሰጠኛል።» ደግሜ አነበብሁ። በመጨረሻ እትዬ የሻረግ ተናገሩ። ጣቢያው ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ያሉ እሳቸው ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት። ረጅም፣ ቀጭን፣ የወንድ ካፖርት የሚለብሱ ሴት።

«ልጄ፣ እርካታ የውኃ ነው፤ የእህል ነው። የሥራ እርካታ ምን ማለት ነው?»

ተምሬበታለሁ እኮ። ዲግሪዬ ይኸው ነው። ጠዋት ሲነሡ ወደዚህ ለመምጣት ልብዎ ደስ ይለዋል ወይ ማለት ነው አልሁ።

«እንግዲያ እንደሱ አትዪም?»

ቢሆንም ፈሩ። ብርቄ ይህን ወረቀት ማን ያየዋል ብላ ጠየቀች። ስም አይጻፍም፣ ማን ምን እንዳለች ማንም አያውቅም አልኋቸው። እውነቱን ንገሩኝ፤ እውነቱን ከነገራችሁኝ ይስተካከላል። «ይስተካከላል» የሚለው ፎርሙ ላይ የለም። ከራሴ ጨመርሁት።

ከዚያ ማን ያቁማቸው። ጠዋት የሚቀዱት ውኃ ከበረዶ አይሻልም፤ ጣታቸው ይሰነጠቃል፤ ጓንት ጠይቀው ጠይቀው ትተውታል። ብርቄ የስድስት ወር ሴት ልጅ አላት፤ ነፋስ እንዳይመታት በከረጢት ከልላ መደብ ጥግ ታስተኛታለች። መጠለያ አንዲት ክፍል ብትኖር። ስለ ደመወዝ ለተጠየቀው ዐሥራ አራቱም አንድ ዐይነት መለሱ፤ ምን ብለው እንደሆነ መጻፍ አያሻም። ግን ድምፃቸው የተለወጠው እዚያ ላይ አልነበረም። እንግዳ መጥቶ ፎቶ ሲያነሣ እናንተ ወዲያ ዞር በሉ ይባላሉ። ችግኙ ብቻ እንዲታይ። ይህን የተናገረችው ሳቀች፤ ሌሎቹም ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም መሬት መሬት አዩ።

ጥ. 31፣ «የሥራዬን ውጤት አያለሁ።» እትዬ የሻረግ መለሱ። ክረምት ሲገባ መኪና ይመጣል፣ ችግኙ ይጫናል፣ ይሄዳል። የት እንደሚተከል የነገራቸው የለም። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ።

«አንዱን ብቻ ቆሞ ባየው» አሉ። «አንዱን።»

«በጭራሽ አልስማማም» የሚለውን አጠቆርሁ። ሳጥኑ ትንሽ ናት። ያሉት ሁሉ እሷ ውስጥ ገባ።

ጥ. 40፣ «ሌላ ሥራ ባገኝ ይህን ሥራ እለቃለሁ።» ዐሥራ አራቱም አይሆንም አሉ። ሲያማርሩ የዋሉት እነዚያው! ብርቄን ለምን አልኋት። «እንዴ እታለም፣ እነሱን ለማን ጥዬ?» አለች። ችግኞቹን ማለቷ ነው።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ከሰዓት

ቤቴ ውስጥ ወለሉ ላይ ዘርግቼ እየደመርሁ ነው። ጎረቤቴ ፈተና ታርሚያለሽ ወይ አለችኝ። ብቻ ደስ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሥራ ይዤ ቤት መግባት እጠላ ነበር።

ከታዘዝሁት ውጭ አንድ ገጽ ጨመርሁ። «ሠራተኞቹ የሚጠይቁት» አልሁት። ጓንት። ለሕፃናት መጠለያ አንዲት ክፍል። ያሳደጉትን ዛፍ ወስዶ ማሳየት። ለሦስተኛው ስል ትናንት የድሮ መዝገቦችን አገላበጥሁ፤ የችግኝ ማከፋፈያ ዝርዝር አገኘሁ፣ አቧራው አፍንጫዬን ዘጋው። ከጣቢያው ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት የወጣ ጥድና ኮሶ የተተከለበት ተራራ የት ቢሆን ጥሩ ነው? እናቴን ለመጠየቅ ይፋግ በወረድሁ ቁጥር የማልፈው ቁልቁለት። ስንት ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ ተኝቼ በሥሩ አልፌያለሁ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ምሳ ሰዓት

አስረከብሁ። አቶ ዳኛው ገጽ በገጽ አዩት። እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ። ጥሩ ሥራ ነው ዓለምነሽ፣ እንዲህ በጥንቃቄ የሠራ የለም አሉኝ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ብቻዬን ፈገግ አልሁ። አንድ ቃል ሰውን እንዲህ ያደርገዋል? የእትዬ የሻረግ ሃያ ሁለት ዓመት ትዝ ሲለኝ ፈገግታዬ አሳፈረኝ። ግን ወዲያው አልጠፋም፤ ልዋሽህ አልፈልግም።


ሰኞ፣ ኅዳር 22። ከሰዓት 9 ሰዓት

መልስ መጣ። አንድ ገጽ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ያላየሁት መስመር ካለ ብዬ። የለም።

ከቅርንጫፉ የሥራ ክፍሎች ሁሉ ዝቅተኛው የሥራ እርካታ የታየው በጉና ችግኝ ጣቢያ ነው። እርካታ የሌለው ሠራተኛ ውጤታማ አይሆንም። ስለዚህ ጣቢያው የራሱን ሠራተኞች ይዞ ለሚመጣ ተቋራጭ ይሰጥ። የነባሮቹ ኮንትራት በያዝነው ወር መጨረሻ ይቁም። ደብዳቤውን የሰው ኃይል ክፍል ያዘጋጅ።

የሰው ኃይል ክፍል እኔ ነኝ።

ጓንት የለም። ክፍል የለም። ያቺ የጨመርኋት ገጽ ደርሳ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ሻይ ላምጣልሽ አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። ፊቴን አይታ ተመለሰች።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 23። ጠዋት 5 ሰዓት

አቶ ዳኛው ዘንድ ገባሁ። ሳላንኳኳ። ጥ. 40ን አሳየኋቸው፣ ዐሥራ አራቱም አንለቅም ብለዋል፣ ይህ እርካታ ካልሆነ ምንድን ነው አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ተነሥተው በሩን ዘጉት። ያ ጥያቄ ሠንጠረዡ ውስጥ አልገባም አሉ። ገጿንስ ላኳት ወይ? አልላኳትም። ከተጠየቀው በላይ መላክ ነገር ያበዛል።

ጮህሁ። ያልሁትን ሁሉ አላስታውስም። እሳቸው አልጮሁም። ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደግፈው መስኮቱን እያዩ ነገሩኝ፤ ጣቢያውን ለተቋራጭ መስጠት ካምናም ይታሰብ ነበር።

«ምክንያት ሲፈልጉ ነው የቆዩት» አሉ። «አንቺ ሰጠሻቸው።»

በክፋት አላሉትም። የባሰው እሱ ነው። ከዚያ፣ እኔም ፎርም ሞልቼ ነበር እኮ አሉ። አርባውንም «በጣም እስማማለሁ» ብለዋል። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። አንቺስ ምን አልሽ ብለው ጠየቁኝ።

መካከለኛውን አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ተማርን የምንለው ለራሳችን ማምለጫ አዘጋጅተን ነበር። እነዚያን ሜዳ ላይ አውጥቼ እውነቱን አናገርኋቸው።


ዓርብ፣ ኅዳር 26። ማታ 12 ሰዓት ተኩል

ልነግራቸው ወጣሁ። አልነገርኋቸውም።

ስደርስ ውርጭ ወርዶ ነበር። ገና ጎህ ሳይቀድ መጥተው መደቡን በሣር አልብሰውታል፤ እኔ ስደርስ ሣሩን እያነሡ ነበር። ከሥሩ ችግኙ አረንጓዴ። አንድም አልተቃጠለም። እትዬ የሻረግ በሁለት ጣት ቅጠሉን እየዳሰሱ ያልፋሉ፤ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን ግንባር እንደሚዳስሱት።

እኔን ሲያዩ ተሰበሰቡ። ፊታቸው ያበራል። ይስተካከላል ብዬ የለ? የምሥራች ይዛ መጣች ብለው ነው። ጾም ስለሆነ ድንች ቀቅለው፣ በሚጥሚጣና በጨው አቀረቡልኝ። ብርቄ ሕፃኗን አቅፋ ከአጠገቤ ተቀመጠች፤ ክፍሏ በየት በኩል ብትሠራ ነፋስ እንደማያገኛት አሳየችኝ። በእግሯ መሬቱ ላይ መስመር አሠመረች። በሩ እዚህ። መስኮት አያስፈልግም፣ ቢቀር ይሻላል።

የያዝሁትን ድንች አስቀመጥሁ። እሺ፣ እናያለን አልሁ። እናያለን! ምኑን ነው የማየው?

ልመለስ ስል እትዬ የሻረግን ለብቻቸው ጠራኋቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብረ ታቦር ይምጡ፤ አንድ ቦታ ላሳይዎት እፈልጋለሁ አልሁ። የት ነው አላሉም። ምን ልልበስ አሉ።

ቁልቁለቱን ስወርድ አለቀስሁ። መኪናው ጋ ስደርስ ጋሽ ሙላት ምን ሆነሽ ነው አለ። ነፋሱ ነው አልሁት። ነፋስ አልነበረም።


እሑድ፣ ኅዳር 28። ከሰዓት 11 ሰዓት

ነጭ ቀሚስ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ አዲስ የላስቲክ ጫማ። ቀድመውኝ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ከመስኮቱ ጥግ አስቀመጥኋቸው። ከሰላሳ ደቂቃ በኋላ ወራጅ አልሁ። ረዳቱ ምንም በሌለበት ስንወርድ ገርሞት አየን።

ዝቅ ያለው ጠርዝ ተቆርጧል፤ ጉቶ ብቻ ነው። ይህን ላሳያቸው ነው ያመጣኋቸው? ጥቂት ወጣ ስንል ግን ጀመረ። ጥዱ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ቆሟል። ኮሶው ቀይ አበባውን አንጠልጥሏል። ውስጡ ቀዝቃዛ፣ ጸጥ ያለ፣ መሬቱ እርጥብ።

ይህ ከጣቢያው ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት የወጣው ነው፤ መዝገቡ ላይ አገኘሁት አልኋቸው።

«የዚያን ዓመት ውርጭ ክፉ ነበር» አሉ ወዲያው። «ሦስት መደብ አቃጠለብን። እኔና አንዲት ዛሬ በሕይወት የሌለች ጓደኛዬ ነን የቀረውን ያዳንነው።»

ጃንጥላውን ሰጡኝ። ወደ አንዱ ጥድ ሄዱና እጃቸውን ግንዱ ላይ አደረጉ። የተሰነጠቀው እጃቸውና ቅርፊቱ አንድ መልክ ነው። ሽቅብ አዩ። ሻሻቸው ወደ ኋላ ወደቀ፣ አላነሡትም። ወደሚቀጥለው ሄዱ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ራቅ ብዬ ቆምሁ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ፊታቸው ረጥቦ ነበር።

«እኔ እኮ ሁሉም የሞቱ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «ባይሞቱማ አንድ ሰው መጥቶ በነገረን እል ነበር።»

ደብተሬ፣ ይህን ስሰማ ከአንዱ ጥድ ሥር ቁጭ አልሁ። እዚያው ነገርኋቸው። ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ተቋራጩ፣ ስለ ወሩ መጨረሻ። ሁሉንም። ሳላቋርጥ፣ ዐይናቸውን ሳላይ።

ጃንጥላውን ከእጄ ወሰዱ። ከዚያ፣

«እኔ በተናገርሁት ነው?»

«አይደለም። እኔ በጻፍሁት ነው።»

«ዋሽተን ቢሆንስ ይተዉን ነበር?»

አይመስለኝም አልሁ። ካምናም ሲያስቡት ነበር።

«እንኳን አልዋሸን» አሉ። ይህን ብቻ። የተቆጡ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። አልተቆጡም። ያረጁ መሰሉኝ፣ በአንድ ጊዜ። ካፖርቱን ሳይለብሱ ትከሻቸው ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስለ ራሳቸው አንድም ነገር አልጠየቁኝም፤ ምን በልተው እንደሚያድሩ፣ የት እንደሚሠሩ። ስንወርድ፣ መንገዱ ዳር መኪና ስንጠብቅ ነው የጠየቁት። የሚመጡት አዲሶቹ ሰዎች ውርጭ የሚወርድበትን ቀን በምን ያውቁታል? ማን ይነግራቸዋል? ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ማታ ድንገት ከቆመ መደቡን በሣር ማልበስ ነው። እሱን ጻፊላቸው አሉኝ።

ይኸው ጻፍሁት።


ሰኞ፣ ኅዳር 29። ጠዋት 4 ሰዓት

ደብዳቤውን አልጽፍም አልሁ። አቶ ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ነገሩ አንቺ ብትጽፊም ባትጽፊም አይቀርም አሉ። አውቃለሁ። ታዲያ ምን ለወጥሽ? አላውቅም። እውነቱን ንገሩኝ ብያቸው በዚያው እጄ አልጽፈውም አልሁ። ሊለምኑኝም ቃጡ፤ ለራስሽ እዘኚ፣ ከዚህ ወጥተሽ የት ትሄጃለሽ አሉ። የሚያዝኑልኝ ይመስለኛል። ከዚያ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ተቀበሉኝ። ደብዳቤውን ራሳቸው ተየቡት፤ በሁለት ጣት፣ እየፈለጉ። ድምፁ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

ለእናቴ ደወልሁ። ሁሉን ነገርኋት። ቁርስ በላሽ ወይ አለች። አልበላሁም አልሁ። ብዪ አለች። ሌላ አልጨመረችም። ስልኩን ስዘጋ ነው ያለቀስሁት።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1። ከሰዓት 10 ሰዓት

ደብዳቤዎቹን ጋሽ ሙላት ያድርስ ተብሎ ነበር። ማንበብ የምትችለው ብርቄ ብቻ ናት፤ የሁሉንም እሷ ታንብብ? አብሬው ሄድሁ። ማንም አላዘዘኝም።

እትዬ የሻረግ ነግረዋቸዋል። ምንም አልጮሁም። በተርታ ቁጭ ብለው ስማቸው ሲጠራ እየተነሡ ወረቀታቸውን ወሰዱ፤ ከዚያ እያንዳንዷ፣ ማንበብ የምትችለዋ ብርቄም ሳትቀር፣ መልሳ ለእኔ ሰጠችኝ፣ አንብቢልኝ ብላ። ዐሥራ አራቱም ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነው። አንዱን አንብቤ ሌላውም ያው ነው ብላቸው እንቢ አሉ። የኔን አንብቢልኝ። የኔንም። ዐሥራ አራት ጊዜ አነበብሁት። «ላበረከቱት አገልግሎት እናመሰግናለን» የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። ብርቄ እሱ ላይ ስደርስ ሳቀች፤ እንደዚያ ቀን አይደለም። ክፉ ሳቅ።

«ከርሞ ከርሞ አመሰገኑን» አለች።

እኔን የሰደበችኝ አንዲት ናት። ይስተካከላል ያልሽን አንቺ አይደለሽም? አለችኝ። ነኝ አልሁ። ዕዳዬ ነው። ዝም በያት አሏት ሌሎቹ፤ እኔ ግን ትናገር አልሁ። ተናገረች። ደህና አድርጋ።

ሲሰክኑ ያሰብሁትን ነገርኋቸው። ሃያ ሁለት ዓመት እየታደሰ የኖረ ኮንትራት ያለ በቂ ምክንያት አይቋረጥም፤ አቤት ማለት ይቻላል፤ የሠራተኛ ጉዳይ ጽ/ቤት ደብረ ታቦር አለ። ምክንያታቸው የእናንተ መልስ ነው ከተባለ መልሱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ምን እንዳላችሁ እመሰክራለሁ፤ ያስረከብሁት ድምሩን ነው፣ ፎርሞቹ ቤቴ ናቸው። ግን ስም አይወጣም ብዬ ቃል ገብቼ ነበር፤ ካልፈቀዳችሁ አላሳይም።

እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ የሻረግ ቀድመው፣ የኔን ስሜን ጽፈሽበት አሳዪ አሉ። ከዚያ ሌሎቹ። የሰደበችኝም።

ያሸንፋሉ ብዬ አልነገርኋቸውም። ከአሁን ወዲያ ያልተጻፈ ነገር አልጨምርም።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል

ጽ/ቤቱ ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ብርድ ነው። የሴቶቹን ስም ከነአገልግሎት ዘመናቸው ትናንት ሳይዘጋ አስመዝግቤያለሁ፤ ፎርሞቹን በፌስታል ይዣለሁ። ሴቶቹ በጭነት መኪና ተጭነው መጡ፤ ነጠላቸው አቧራ ለብሷል። የብርቄ ሕፃን ታለቅሳለች። ቆጠርኋቸው። ዐሥራ ሦስት። ደግሜ ቆጠርሁ።

እትዬ የሻረግስ? አልሁ።

ብርቄ ነገረችኝ። መኪናው ድረስ ሸኝተዋቸዋል። ሁሉም ተሳፍረው ሲያበቁ እሳቸው አልወጣም አሉ። ለመኗቸው። ሌሎቹ ያውም እሳቸውን ብለው ነበር የተነሡት፤ ከሁሉም የቆዩት እሳቸው ናቸው፣ ቃላቸው ይሰማል። አልሆነም። እናንተ ሂዱ፤ ዛሬ የማጠጫ ቀን ነው አሉ። ማጠጫውን አንሥተው ወደ መደቡ ተመለሱ።

ከትናንት ጀምሮ ተቀጣሪ አይደሉም። የሚጠብቃቸው የለም፣ የሚጽፍላቸው የለም። ዐሥራ አራት ሰው የሚያጠጣውን መደብ አሁን፣ ይህን በምጽፍበት ሰዓት፣ ብቻቸውን እያጠጡት ነው።

ፈርቼ ነው ያደርሁት። አሁን ፍርሃቱ የት እንደሄደ አላውቅም። ወስኛለሁ። ቃሌን እሰጣለሁ፤ ከስሜ ጋር የአባቴንም የአያቴንም ስም አስጽፋለሁ። ስጨርስ ወደ ይፋግም ወደ ቤቴም አልሄድም። ተቋራጩ እስኪመጣ ስንት ቀን እንዳለ አላውቅም፤ እስከዚያው ጉና ወጥቼ ውኃ እቀዳለሁ። ሥራውን አልችልበትም። ያሳዩኛል።

በሩ ተከፈተ። ጸሐፊው ዝርዝሩን ይዞ ወጣ፤ በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል ነው የሚጠራው። «ወ/ሮ የሻረግ» አለ። ማንም አልመለሰም። ቀና ብሎ ደግሞ ጠራ። ሴቶቹ ወደኔ ዞሩ። የእሳቸውን ፎርም ከፌስታሉ አውጥቼ ተነሣሁ።